ግሪዱ ስክሪኑን እንዲሞላ፦ ከታች የሚተርፈው ባዶ ቦታ ከየት ይመጣል?

ጅማ አጂፕ አካባቢ ላለ አንድ ካፌ የአንድሮይድ ትዕዛዝ መቀበያ አፕ እየሠራችሁ ነው እንበል። አስተናጋጇ በአንድ እጇ ትሪ ይዛለች፣ በሌላው ስልክ። የምትነካው በአውራ ጣቷ ነው። ሜኑው ላይ አሥራ ሁለት ነገር አለ፦ ቡና፣ ማኪያቶ፣ ስፕሪስ፣ ሻይ፣ ወተት፣ ለስላሳ፣ ውሃ፣ ጁስ፣ ፉል፣ እንቁላል፣ ፍርፍር፣ ሳምቡሳ። በሦስት ዓምድና በአራት ረድፍ ይደረደራል። ስክሪኑ ላይ ሌላ ነገር የለም፣ ወደ ታች መሳብም የለም። ቁልፎቹ ትልልቅ ሆነው ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር እንዲይዙት ነው የተፈለገው።

ቀላል ይመስላል። ግሪድ ሌይአውት (ነገሮችን በረድፍና በዓምድ የሚደረድረውን ሳጥን) ታስገባላችሁ፣ አሥራ ሁለት ቁልፍ ትደረድራላችሁ፣ ራን ትላላችሁ። ቁልፎቹ ላይኛው ግራ ጥግ ላይ ተኮልኩለው ይመጣሉ፣ ከታች ግማሽ ስክሪን ባዶ። ያኔ ብዙ ሰው የሚያደርገው ያው ነው፤ የቁልፉን ቁመት 100 ዲፒ (የአንድሮይድ የመጠን መለኪያ)፣ አልሆነም 130፣ አልሆነም 168 እያለ በእጁ ባለው ስልክ ላይ ልክ እስኪመጣ ይነካካል። በመጨረሻም ልክ ይመጣል። እሱ ስልክ ላይ።

እስቲ ያንን 168 እናስላው። አሁን በብዙ ሰው እጅ ያሉት ረከስ ያሉ ስልኮች አብዛኞቹ ስክሪናቸው 720 በ1600 ፒክስል ገደማ ነው። ዴንሲቲው (በአንድ ኢንች የሚያርፈው የፒክስል ብዛት) 320 ከሆነ አንድ ዲፒ ሁለት ፒክስል ነው፣ ስለዚህ ስክሪኑ 360 በ800 ዲፒ ይሆናል። ከላይ ሰዓትና ባትሪ ለሚታይበት 24፣ ለአፑ ርዕስ 56፣ ከታች ለሦስቱ ቁልፎች 48 ዲፒ ቀንሱ። 672 ይቀራል። ለአራት ሲካፈል 168። አሁን ይህንኑ አፕ የካፌው ባለቤት መሳቢያ ውስጥ ያለች አሮጌ ስልክ ላይ ጫኑት። 480 በ854 ፒክስል ናት፣ ዴንሲቲዋ 240፤ በዲፒ ሲሰላ 320 በ569 ገደማ ማለት ነው። ያንኑ ስንቀንስላት 441 ይቀራታል። ሁለት ረድፍ ሙሉ ይታያል፣ ሦስተኛው ከወገቡ በታች ይቆረጣል፣ አራተኛው ጭራሽ የለም። እንቁላል፣ ፍርፍር ወይም ሳምቡሳ ሊያዝ የመጣ ደንበኛ ጦሙን ይመለሳል።

ስለዚህ ቁጥር መገመቱን ተዉትና ስልኩ ራሱ እንዲያካፍል አድርጉ። ከዚህ በታች የኮዱን ስሞች በአፍ እንደምንጠራቸው ነው የምጽፋቸው፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ሁለት ሦስት ፊደል ስትጀምሩለት ቀሪውን ራሱ ስለሚያመጣው ፊደሉ አያስቸግራችሁም።

ቁመት ከላይ ነው የሚወርደው

ሴል፣ ማለትም ግሪዱ ውስጥ ያለ አንድ ቁልፍ፣ በራሱ ጉልበት ስክሪን አይሞላም። የሚያድገው ወላጁ (እሱን የያዘው ሌይአውት) የሚያካፍለው ትርፍ ቦታ ሲኖረው ብቻ ነው። ግሪዱ ቁመቱን «ራፕ ኮንቴንት» ካለ «እኔ የልጆቼን ያህል ነኝ» ማለቱ ነው። ልጆቹ ደግሞ «እኛ ወላጃችንን እንሞላለን» ካሉ ማን ማንን ይጠብቃል? ወላጁ መሬት ሳይኖረው ልጆች ምን ይካፈላሉ። ስለዚህ ችግር ሲገጥማችሁ ሴሉን ከመነካካታችሁ በፊት ከላይ ጀምራችሁ ውረዱ። ትልቁ ሌይአውት «ማች ፓረንት» (የወላጄን ያህል ነኝ) ነው? በእሱና በግሪዱ መሃል ሌላ ነገር አለ? እሱስ ቁመቱ ስንት ነው? ግሪዱ ራሱ «ማች ፓረንት» ነው፣ ወይስ ሊኒየር ሌይአውት ውስጥ ሆኖ ዜሮ ዲፒና ዌይት (ከትርፍ ቦታ የሚደርሰው ድርሻ) 1 ተሰጥቶታል? ከመሃል አንዱ እንኳ «ራፕ ኮንቴንት» ካለ ሰንሰለቱ እዚያ ጋ ይበጠሳል፣ ከዚያ በታች የምትጽፉት ሁሉ ልፋት ብቻ ነው።

ይሄን በዓይን ለማየት ቀላሉ መንገድ ለግሪዱ ቀይ ባክግራውንድ መስጠት ነው። ራን በሉት። ቀዩ ስክሪኑን ሞልቶ ቁልፎቹ ካልሞሉ ችግሩ ሴሎቹ ጋ ነው። ቀዩም ራሱ ከላይ ብቻ ከቀረ ችግሩ ከግሪዱ በላይ ነው፣ ሴሎቹን አትንኳቸው። ከዚህም በላይ ዝርዝር ከፈለጋችሁ ስልኩ ላይ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ «ሾው ሌይአውት ባውንድስ» የሚል አለ፤ እሱን ስታበሩት የእያንዳንዱ ነገር ድንበር በመስመር ይታያል።

ግሪድ ሌይአውት ላይ

ግሪድ ሌይአውት ከአንድሮይድ 4.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከኤፒአይ (የአንድሮይድ ስሪት ቁጥር) 14 ጀምሮ አለ። ግን ትርፍ ቦታን በዌይት ማካፈል የቻለው ኤፒአይ 21 ላይ ነው፣ አንድሮይድ 5.0 ማለት ነው። ድሮ የተጻፉ መልሶችን ስታነቡ «ግሪድ ሌይአውት ዌይት አይችልም» የሚል ብዙ የምታገኙት ለዚህ ነው። ያኔ እውነት ነበር። አሁን ዝቅተኛው ኤስዲኬያችሁ (አፑ የሚሠራበት ትንሹ ኤፒአይ) 21 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እርሱት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለግሪዱ ስፋትም ቁመትም «ማች ፓረንት» ስጡ፣ «ኮለም ካውንት» 3፣ «ሮው ካውንት» 4። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሴል «ሌይአውት ዊድዝ» ዜሮ ዲፒ፣ «ሌይአውት ሃይት» ዜሮ ዲፒ፣ «ሌይአውት ኮለም ዌይት» 1፣ «ሌይአውት ሮው ዌይት» 1፣ «ሌይአውት ግራቪቲ» ደግሞ «ፊል»። በቃ። በ360 ዲፒው ስልክ ላይ እያንዳንዱ ሴል 120 በ168 ይሆናል፣ በአሮጌዋ ላይ 107 በ110 ገደማ። አሥራ ሁለቱም ሁለቱም ላይ ይታያሉ። በቁልፎቹ መሃል ክፍተት ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ ሴል 4 ዲፒ ማርጅን ስጡት፤ ማርጅኑ ከሴሉ ድርሻ ላይ ነው የሚቀነሰው፣ ግሪዱን አያሰፋውም።

ዜሮ ዲፒው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው እሷን ነው። ዌይት የሚያካፍለው ሙሉውን ስፋት አይደለም፣ የተረፈውን ነው። ሴሎቹን «ራፕ ኮንቴንት» ብትሏቸው መጀመሪያ እያንዳንዱ ጽሑፉ የሚያስፈልገውን ያህል ይወስዳል፣ ከዚያ የቀረው እኩል ይከፈላል። «ሻይ» ያለበት ዓምድ 60 ዲፒ፣ ሁለተኛው 90፣ ረጅም ስም ያለበት 150 ፈለጉ እንበል። ድምሩ 300። ከ360 ላይ 60 ይተርፋል፣ ለሦስት 20፣ 20 ይደርሳቸዋል። ውጤቱ 80፣ 110፣ 170። ዌይቱ ሁሉም ጋ 1 ነው፣ ዓምዶቹ ግን እኩል አይደሉም። እናንተ ደግሞ «እኩል ዌይት ሰጥቼ ለምን እኩል አልሆነም» ብላችሁ ትቃጠላላችሁ። ዜሮ ዲፒ ስትሰጡት ሁሉም ከባዶ ይነሳል፣ 360ውም ትርፍ ነው፣ 120፣ 120፣ 120። ጽሑፉ ረጅም ሆኖ ግሪዱ ከስክሪኑ ቀኝ ዳር አልፎ ሲሄድም መድኃኒቱ ያው ዜሮ ነው።

ጅማ ላይ ይሄ ጉዳይ ከሌላው ቦታ ይብሳል፣ ምክንያቱም አፑ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ሁለቱንም መያዝ አለበት። ቁቤ ረጅም አናባቢንም ጠበቅ የሚል ተነባቢንም ፊደል እየደገመ ነው የሚጽፈው። በአማርኛ በሦስት ፊደል ያለቀው ቁልፍ ቋንቋውን ስትቀይሩት በስምንት ፊደል ሊመጣ ይችላል። ስፋቱ በጽሑፉ የሚወሰን ግሪድ ቋንቋ በተቀየረ ቁጥር ቅርጹ ይቀያየራል። በአውራ ጣቷ ቦታውን ለምዳ ሳታይ የምትነካ አስተናጋጅ ቋንቋ ቀይራ ቡና ስትል ወተት ይታዘዝባታል። ለጽሑፉ ደግሞ «ኦቶ ሳይዝ ቴክስት ታይፕ» የሚለውን «ዩኒፎርም» በሉት፤ ፊደሉ ሴሉ ውስጥ እንዲገባ ራሱ ይቀንሳል። አንድሮይድ 8.0 ላይ የመጣ ነው፣ በአፕኮምፓት ላይብረሪ በኩል ለቀደሙትም ይሠራል። ግን ትንሹን ልክ 14 ኤስፒ (የፊደል መጠን መለኪያ) ገደማ ላይ አቁሙት፤ አለበለዚያ ጽሑፉ ጉንዳን አክሎ ይወርዳል፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እያበራበት ማን ያነበዋል።

አሁን ወደ ጥቃቅን ወጥመዶቹ።

አንደኛው የአንድሮይድኤክስ ግሪድ ሌይአውት ነው። ከስልኩ ጋር ከሚመጣው የተለየ ላይብረሪ ነው፣ ዲፔንደንሲ መጨመር ይፈልጋል፣ ጥቅሙም ለድሮ አንድሮይድ ዌይትን ማምጣቱ ነው። ችግሩ ቅድመ-ስሙ ላይ ነው። እሱን ስትጠቀሙ ኮለም ካውንቱም፣ ዌይቱም፣ ግራቪቲውም «አንድሮይድ» ሳይሆን «አፕ» ብሎ ነው የሚጀምረው። «አንድሮይድ» ብላችሁ ከጻፋችሁት ስህተት ብሎ አይጮህም። ዝም ይላል። ዝም ብሎ ሴሎቹን ጥግ ላይ ይኮለኩላቸዋል። ተቃራኒውም ያው ነው፤ በስልኩ ግሪድ ላይ «አፕ» ብትሉ አይሰማችሁም። ስፋትና ቁመት ግን ሁለቱም ጋ «አንድሮይድ» ናቸው። አንድ ኮድ ከአንድ ቦታ ገልብጣችሁ «ለሰውየው ሠርቶ ለእኔ ለምን እምቢ አለ» ካላችሁ መጀመሪያ የምታዩት እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው በተን ነው። ማቴሪያል ቴም ከተጠቀማችሁ ተራው «በተን» ውስጥ ውስጡን ማቴሪያል በተን ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ከላይም ከታችም 6 ዲፒ የተደበቀ ክፍተት አለው። ሴሉ ሞልቷል፣ ቁልፉም ሴሉን ሞልቷል፣ ቀለሙ ግን አልሞላም። በረድፎቹ መሃል ያለው ክፍተት በዓምዶቹ መሃል ካለው ሰፍቶ ከታያችሁ እሱ ነው። «ኢንሴት ቶፕ» እና «ኢንሴት ቦተም» ሁለቱንም ዜሮ ዲፒ አድርጓቸው። ወይም እንደ እኔ ከበተን ይልቅ ቴክስት ቪው ላይ ክሊክ አስገቡና ተገላገሉ።

ስክሮል ቪው ውስጥ የተቀመጠ ግሪድም አለ። ስክሮል ቪው ልጁን «የፈለግከውን ያህል ርዘም» ነው የሚለው፣ ስለዚህ የሚካፈል ቁርጥ ያለ ቁመት የለም፣ «ማች ፓረንት» ማለቱም ዋጋ የለውም። ስክሮሉ የግድ ካልሆነ አውጡት። የግድ ከሆነ ስክሮል ቪው ላይ «ፊል ቪውፖርት» ትሩ በሉት።

ሁለት ዓምድ የሚይዝ ቁልፍ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ከታች «ላክ» የሚል ሰፊ ቁልፍ፣ «ኮለም ስፓን» ስጡትና ግራቪቲውን «ፊል» አድርጉት። የዓምድ ዌይት ግን አትስጡት፤ ስፋቱን ከላይ ያሉት ረድፎች ወስነውታል፣ እሱ የተሠራለትን መሙላት ብቻ ነው። አንድ ነገር አልቆ ቁልፉን «ጎን» (እንዲጠፋ) ስታደርጉት ደግሞ ሌሎቹ ተጠጋግተው ቦታውን ይሞላሉ ብላችሁ አትጠብቁ፣ ቀዳዳው ባለበት ይቀራል። ለካፌው ይሄ እንዲያውም ጥሩ ነው። ፉል ስላለቀ ማኪያቶ ቦታ መቀየር የለበትም። እኔ ብሆን ጭራሽ አላጠፋውም፣ አደበዝዘዋለሁ።

ሴሎቹን ከኮድ የምትፈጥሩ ከሆነ ያው ነገር በ«ስፔክ» ነው የሚጻፈው። ለረድፉም ለዓምዱም «አንዲፋይንድ»፣ «ፊል»፣ 1 የሚሉትን ሦስቱን ስጡት፣ የሌይአውት ፓራምሱን ስፋትና ቁመት ዜሮ አድርጉ።

ሜኑው ከዳታቤዝ ሲመጣ

ከላይ ያለው ቁጥሩ ለታወቀ ነገር ነው። ባለቤቱ ዛሬ አሥራ ሁለት፣ ነገ ሃያ ነገር የሚያስገባ ከሆነ ሪሳይክለር ቪው ከግሪድ ሌይአውት ማኔጀር ጋር ይሻላል። እዚህ ስፋቱ በነፃ ነው የሚመጣው፤ ስፓን ካውንት 3 ካላችሁና የሴሉን ስፋት «ማች ፓረንት» ካደረጋችሁ ማኔጀሩ ራሱ ለሦስት ያካፍለዋል። ቁመቱን ግን አያካፍልም። ሪሳይክለር ቪው ወደ ታች እንዲንሸራተት የተሠራ ነው፣ ቁመት አያልቅብኝም ብሎ ነው የሚያስበው። እናንተ ናችሁ የምትነግሩት።

የምትነግሩት አዳፕተሩ (ዳታውን ወደ ሴል የሚቀይረው ክፍል) ውስጥ ነው፣ «ኦን ክሪኤት ቪው ሆልደር» ላይ። ሴሉን ኢንፍሌት ካደረጋችሁ (ከሌይአውት ፋይሉ ከፈጠራችሁ) በኋላ የ«ፓረንት»ን ቁመት ውሰዱ፣ ከላይና ከታች ያለውን ፓዲንግ ቀንሱ፣ ለረድፎቹ ብዛት አካፍሉ፣ የሴሉን ማርጅን ቀንሱና ሌይአውት ፓራምሱ ላይ ቁመት አድርጋችሁ ጻፉት። ሪሳይክለር ቪው ራሱ «ማች ፓረንት» መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ያን ሰዓት ቁመቱ ገና ዜሮ ሊሆን ይችላል፣ ዜሮ ለአራት ደግሞ ዜሮ ነው፣ ባዶ ስክሪን ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። ከዚያ አንዲት መስመር ጨምሩ፦ የተገኘው ቁመት ከ64 ዲፒ ካነሰ 64 ይሁን። ሃያ ነገር ሲገባ ሰባት ረድፍ ይሆናል፣ በአሮጌዋ ስልክ 441 ለሰባት 63 ነው፤ ልኳ ጋ ስትደርስ መጨማደዷን ትታ በትንሹ መንሸራተት ትጀምራለች። ጣት የሚነካው ነገር ቢያንስ 48 ዲፒ ይሁን የሚለው የተለመደ ልክ ነው። ትሪ ለያዘ ሰው ግን ሰፋ ማድረግ ይሻላል።

ስክሪን መሙላት የማያስፈልግበትም ቦታ አለ

ይሄን በካፌው ሳይሆን በዘመን መቁጠሪያ ነው የማሳየው፣ ምክንያቱም የኛ ካላንደር ለግሪድ የተሠራ ይመስላል፣ እስከ ጳጉሜ ድረስ። ሰባት ዓምድ፣ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን። ሳምንቱን ከሰኞ ካስጀመራችሁ ወሩ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየትኛውም ቀን ቢገባ አምስት ረድፍ ይበቃዋል። እሑድ ከገባ ግን ስድስት ባዶ ሲደመር 30፣ 36 ሴል ነው፣ ስድስት ረድፍ ይፈልጋል። በ2018 መስከረም ሐሙስ ገባ። ወሮቻችን ሁሉ 30 ስለሆኑ ቀጣዩ ወር ሁሌ ሁለት ቀን ወደፊት ነው የሚገባው፦ ጥቅምት ቅዳሜ፣ ኅዳር ሰኞ፣ ታኅሣሥ ረቡዕ፣ ጥር ዓርብ፣ የካቲት እሑድ። ስለዚህ የካቲት 2018 ስድስት ረድፍ ነው። አምስት ብላችሁ ከቆለፋችሁት የካቲት 30 ከስክሪኑ ትወድቃለች።

እሺ፣ ረድፉን በየወሩ አስልተን ቁመቱን በሱ እናካፍል ብትሉስ? ከነሐሴ ወደ ጳጉሜ ስትገፉ ጉዱን ታያላችሁ። ጳጉሜ አምስት ቀን ነው፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት። እንደ አገባቡ አንድ ረድፍ ወይም ሁለት ረድፍ ነው የሚይዘው። በ2018 እሑድ ስለሚገባ ሁለት። ስክሪኑን ለሁለት ስታካፍሉት እያንዳንዷ የጳጉሜ ቀን 51 ዲፒ ስፋት፣ ከ300 ዲፒ በላይ ቁመት ትሆናለች። በር ታክላለች። ስክሪኑ ሞልቷል፣ ኮዱ ልክ ነው፣ ሲታይ ግን ያስቃል። ለካላንደር የምመክረው ሁልጊዜ ለስድስት ማካፈል ነው። አምስት ረድፍ ባለው ወር ከታች አንድ ረድፍ ባዶ ይቀራል፣ ይቅር። ወር ስትቀያይሩ ቀኖቹ አይዘሉም፣ ጳጉሜም ከላይ በልኳ ትቀመጣለች።

እዚህ ላይ አንዲት የፒክስል ነገር አለች። የቀኖቹ ስም የሚጻፍበት 32 ዲፒ ከወሰደ ከ672 ላይ 640 ይቀራል፣ በዚያ ስልክ 1280 ፒክስል። ለስድስት 213 ይደርስና 2 ፒክስል ይተርፋል። ስፋቱ ላይ ማኔጀሩ ትራፊውን ራሱ ያድላል፣ ቁመቱ ላይ እናንተ ስላካፈላችሁ ትርፉም የእናንተ ነው። ባክግራውንዱ ከሴሎቹ ጋር አንድ ቀለም ከሆነ ማንም አያያትም። የተለየ ቀለም ከሆነ ከታች እንደ ክር ቀጭን መስመር ትታያለች፤ ያኔ ሁለቷን ለመጨረሻው ረድፍ ጨምሩላት።

ኮምፖዝና ፍላተር ለምትጠቀሙ

ጄትፓክ ኮምፖዝ (ስክሪኑን በኤክስኤምኤል ሳይሆን በኮድ የሚሠራው) ላይ ቁጥሩ የታወቀ ግሪድ ከሆነ ግሪድ የሚባል ነገር አያስፈልጋችሁም። «ፊል ማክስ ሳይዝ» የሆነ ኮለም፣ ውስጡ አራት ሮው እያንዳንዱ «ዌይት» 1 እና «ፊል ማክስ ዊድዝ»፣ ሮው ውስጥ ሦስት ሦስት ሴል እያንዳንዱ «ዌይት» 1 እና «ፊል ማክስ ሃይት»። አለቀ። «ሌዚ ቨርቲካል ግሪድ» ግን እንደ ሪሳይክለር ቪው ነው፣ ወደ ታች ወሰን የለውም። ውስጡ ያለ ሴል ላይ «ፊል ማክስ ሃይት» ብትጽፉ ምንም አይፈጠርም፣ የሚሞላው ወሰን የለማ። የግድ እሱን ከፈለጋችሁ «ቦክስ ዊዝ ኮንስትሬይንትስ» ውስጥ አስገቡትና «ማክስ ሃይት»ን ለረድፉ አካፍላችሁ ለሴሉ ቁመት ስጡት። በሴሎቹ መሃል ስፔሲንግ ካለ መጀመሪያ እሱን መቀነስ አትርሱ፤ አራት ረድፍ ሦስት ክፍተት ነው ያለው።

ፍላተር (የጉግል ሌላው የአፕ መሥሪያ) ላይ ግሪድ ቪው «ቻይልድ አስፔክት ሬሾ» የሚባል አለው፣ ካልነካችሁት 1 ነው። ሴሉ ሁሌ ካሬ ይሆናል ማለት ነው። በ360 ዲፒው ስልክ 120 በ120፣ አራት ረድፍ 480፣ ከታች 192 ባዶ። በአሮጌዋ ስልክ ግን 427 ከ441 ነው፣ የሞላ ይመስላል! ስለዚህ በትንሽ ስልክ ብቻ የሞከረ ሰው ችግሩ መኖሩንም አያውቅም። መፍትሔው ግሪዱን «ሌይአውት ቢልደር» ውስጥ ማስገባትና ሬሾውን ማስላት ነው፦ የአንዱን ሴል ስፋት ለአንዱ ሴል ቁመት ማካፈል። ክፍተቱ 8 ከሆነ ስፋቱ 360 ሲቀነስ 16፣ ለሦስት፣ 114.67 ይሆናል፤ ቁመቱ 672 ሲቀነስ 24፣ ለአራት፣ 162። ሬሾው 0.708 ገደማ። «ሚዲያ ክዌሪ»ን ለዚህ አትጠቀሙ፣ የሚሰጣችሁ የሙሉውን ስክሪን ልክ ነው፣ አፕ ባሩንም ጨምሮ። ሌላው ደግሞ ግሪድ ቪው ፓዲንግ ካልሰጣችሁት ከሲስተሙ ወስዶ ራሱ ሊጨምር ስለሚችል በግልጽ ዜሮ በሉት። ስክሮሉንም «ኔቨር ስክሮለብል» አድርጉት። ይሄ ሁሉ ሒሳብ ካስጠላችሁ ኮለም፣ ሮው እና «ኤክስፓንድድ» ብቻ ተጠቅማችሁ እንደ ኮምፖዙ መሥራት ይቻላል፣ እውነቱን ለመናገር ለአሥራ ሁለት ቁልፍ እሱ ይቀላል።

አንድሮይድ 15 እና የታችኛው ረድፍ

ታርጌታችሁን (አፑ የታለመለትን የአንድሮይድ ስሪት) ወደ ኤፒአይ 35 ስታሳድጉ አንድ አዲስ ነገር ይገጥማችኋል። አንድሮይድ 15 ላይ አፑ ከዳር እስከ ዳር እንዲሳል ይገደዳል፣ ከሰዓቱም ከታችኞቹ ቁልፎችም ሥር ይገባል። ግሪዳችሁ አሁን ስክሪኑን የምሩን ሞላው፣ ከሚገባውም በላይ። ችግሩ እንቁላል ልትነካ የሄደች ጣት የመመለሻ ቁልፉን ትነካለች። የዊንዶው ኢንሴቱን (ሰዓቱና የታችኞቹ ቁልፎች የሚሸፍኑትን ልክ) ውሰዱና ለግሪዱ ወላጅ ፓዲንግ አድርጋችሁ ስጡት፤ ግሪዱ የቀረውን ያካፍላል፣ ሌላ የምትነኩት የለም። በኮምፖዝ ስካፎልዱ የሚሰጣችሁን ፓዲንግ መጠቀም ነው፣ በፍላተር «ሴፍ ኤሪያ»።

ስልኩ ወደ ጎን ሲዞር ደግሞ 672ቷ ወደ 280 ገደማ ትወርዳለች። አራት ረድፍ 70፣ 70 ይደርሰዋል፤ ይነካል ግን ጠባብ ነው። የዓምዱንና የረድፉን ቁጥር ኢንቲጀር ሪሶርስ አድርጓቸው፣ «ቫሊውስ ላንድ» የሚባል ፎልደር ፍጠሩና እዚያ 4 ዓምድ 3 ረድፍ በሉት። ለካፌው አፕ ግን ዝም ብዬ ፖርትሬት ላይ እቆልፈው ነበር።

በአንድ ስልክ ብዙ ስልክ መሞከር

ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ የሚነሳ ስልክ አስመሳይ) 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ቅጣት ነው። ከከፈታችሁት መብራት እስኪሄድ አይነሳም። ስቱዲዮው ውስጥ «ሌይአውት ቫሊዴሽን» የሚል መስኮት አለ፤ አንዱን ሌይአውት በተለያዩ ስክሪኖች ጎን ለጎን ያሳያችኋል፣ ለኤክስኤምኤሉ ግሪድ ይበቃል። ከኮድ ለሚሰላው ግን የራሳችሁን ስልክ በኬብል አገናኙና ተርሚናል ላይ «ኤዲቢ ሼል ደብሊውኤም ሳይዝ» ብላችሁ 480 እና 854ን በመሃላቸው የኤክስ ፊደል አድርጋችሁ ጻፉ። ቀጥሎ «ኤዲቢ ሼል ደብሊውኤም ዴንሲቲ 240»። ስልካችሁ ያቺን የመሳቢያ ስልክ ይሆናል። ስትጨርሱ ሁለቱንም ትእዛዝ በቁጥሩ ፈንታ «ሪሴት» ብላችሁ ድገሟቸው፣ በተለይ ስልኩ የሰው ከሆነ።

አንድ ጊዜ በ480ው፣ አንድ ጊዜ በራሱ ልክ፣ አንድ ጊዜ ፎንቱን ከሴቲንግ ትልቁ ላይ አድርጋችሁ፣ አንድ ጊዜ ቋንቋውን ወደ አፋን ኦሮሞ ቀይራችሁ ክፈቱት። ካላንደር ከሆነ የካቲትና ጳጉሜ 2018ን ክፈቱ። ከዚያ ስልኩን ለአስተናጋጇ ስጧት፤ ሐሙስ ዕለት የሂርማታ ገበያተኛ ካፌውን ሲሞላው ሳታይ የምትነካው የትኛውን ቁልፍ እንደሆነ ተመልከቱና ቡናን እዚያ ረድፍ ላይ አድርጉላት።